ደሴትና ሞተር፦ እምቦጭ በሰሜናዊው ጣና



የዛሬው ንግግሬ ስለ ጣና ነው፤ ነገር ግን ከሩቅ እንድጀምር ፍቀዱልኝ። በብሪታንያና በአየርላንድ መካከል አይል ኦፍ ማን የምትባል ደሴት አለች። ነዋሪዎቿ መቶ ሺህ አይሞሉም፤ ስሟ በዓለም የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1907 በተጀመረው የሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም ነው። ተወዳዳሪዎቹ የሚሽቀዳደሙት ሕዝቡ በየዕለቱ በሚመላለስበት፣ ዙሪያው 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን መንገድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የአፍተግር በሽታ የብሪታንያን ከብት ሲፈጅ፣ በሽታው ገና ወደ ደሴቲቱ ሳይገባ የዚያ ዓመት ውድድር ተሰረዘ። ከባሕር ማዶ የሚጎርፈው ተመልካች በጫማውና በጎማው በሽታውን ይዞ እንዳይመጣ ተሰግቶ ነበር። ስለ ከብቱ ሲባል የዓመቱ ገቢና ደስታ ቀረ።

ደሴት ራሷን መዝጋት የምትችለው መከራው በመርከብ ሲመጣ ነው። በወንዝ ሲመጣስ?

ጎንደርና የጣና ደሴቶች የቆየ ዝምድና አላቸው። ጎንደርን የቆረቆሩት ዐፄ ፋሲል ያረፉት በዳጋ እስጢፋኖስ ነው። እቴጌ ምንትዋብ እዚህ ቁስቋምን፣ በደቅ ደሴት ደግሞ ናርጋ ሥላሴን አሠርተዋል። ለደቅ ገበሬ መንገዱ ሐይቁ ነው፤ እህሉም፣ በሽተኛውም፣ ተማሪውም የሚሻገረው በውኃ ነው። በዚያ አገር ሞተር ማለት የጀልባ ሞተር ነው።

እምቦጭ በጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነው ይህ ተንሳፋፊ አረም ሲመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል። ነፋስና ሞገድ እየገፉት በአብዛኛው የተከማቸው በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻዎች ነው። ስለዚህ ደሴቱ ሳይወረር እንኳ የሚያርፍበት ወደብ ሊዘጋ ይችላል።

የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው የሐይቁን ውኃ እየሳበ ነው። ውኃው የሚገባባት ቀዳዳ ጠባብ ናት። እንደ ጥቁር ጸጉር የተንዠረገገው የእምቦጭ ሥር ቀዳዳዋን ሲደፍን ሞተሩ ይግላል፤ ግንዱ በፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ደግሞ ጨርሶ ይቆማል። ነጂው ሞተሩን ከውኃው ያነሣል፣ አረሙን በቢላ ይቆርጣል፣ ሞተሩን ያስነሣል፣ ጥቂት ተጉዞ እንደገና ይቆማል። ነዳጁ ያልቃል፤ ጀልባዋ ግን ገና ዳርቻውን አልለቀቀችም። ምጥ ይዟት ወደ ጤና ጣቢያ የምትሻገር እናት በዚያች ጀልባ ላይ ብትኖር ምን ሊከተል እንደሚችል ለናንተ መንገር አያሻኝም። ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ፕሮፔለር ስለሌለው የተሻለ ይመስል ይሆናል፤ አረሙ በሳሳበት እውነት ነው። ምንጣፉ በወፈረበት ግን ቀዛፊው መቅዘፊያውን የሚያጠልቅበት ውኃ አያገኝም።

ይህን ሁሉ የተፈጥሮ አደጋ ብለን እንጠራዋለን። እኔ ይህን አጠራር የምቀበለው በከፊል ብቻ ነው። እምቦጭ የሚፋፋው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ በበዛበት ውኃ ነው፤ እነዚህንም ከደጋው የሚያወርዱት ወንዞች ናቸው። ቀሃና አንገረብ የጎንደርን ከተማ አቋርጠው ወደ መገጭ ይገባሉ፤ መገጭ በደምቢያ በኩል ጣናን ይቀላቀላል። የእርሻችን አፈር፣ የማዳበሪያችን ትርፍ፣ የመጸዳጃችንና የልብስ ማጠቢያችን ፍሳሽ አብሮ ይወርዳል። የአንገረብን ግድብ በደለል እየሞላ የሚያስቸግረን አፈርና ጣናን የሚያደፈርሰው አፈር ወንድማማቾች ናቸው። የደምቢያ ገበሬ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል፣ እኛ ከላይ ሆነን አረሙን እንቀልባለን።

በቪክቶሪያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እምቦጭን የሚበሉ ጢንዚዛዎች ተለቀው አረሙ በእጅጉ ቀንሶ ነበር፤ ምግቡ ግን ስላልተቋረጠ በኋላ ተመልሶ መጣ። ጢንዚዛውንም ማሽኑንም አልቃወምም። ብቻቸውን እንደማይበቁ ግን ከጎረቤት መማር ይቻላል።

አንዳንድ ተማሪዎቼ በጎርጎራ የሞተር ጀልባ እሽቅድምድም ቢዘጋጅ ብለው ያልማሉ። ሕልሙን እወደዋለሁ፤ ጎርጎራ ከዚህ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ናት፤ እንግዳም ይመጣል። ይሁንና የደሴቱ ሰው ለሕክምና መሻገር ባልቻለበት ዳርቻ ለእሽቅድምድም ብቻ ውኃ ቢጠረግ አፍራለሁ።

ለፋኩልቲያችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ክረምቱ ሲገባና በመስከረም የወንዞቹን ውኃ እንለካ። የጥምቀቱ የፋሲል መዋኛ የሚሞላው ከቀሃ በሚመጣ ውኃ ነው፤ የመጀመሪያውን ናሙና ከዚያ በላይ፣ ሁለተኛውን ወንዙ ከተማውን ካለፈ በኋላ፣ ሦስተኛውን መገጭ ወደ ጣና በሚገባበት ቦታ እንቅዳ። ለሦስተኛው ጀልባ ያስፈልገናል፤ ቢላና መለዋወጫ ፕሮፔለርም አብረን መያዝ ይኖርብናል።

አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ።