መርዶውም ይነገረን

ውድ ተመራቂዎች፣

ሳምንቱን ሙሉ ሰው ቤት ስትሠሩ ሰንብታችሁ፣ በእሑድ እረፍታችሁ ወደ አል ሪም ደሴት እየመጣችሁ የሂሳብ መዝገብ አያያዝ፣ ኮምፒውተርና የነርስ ረዳትነት ተምራችኋል። የሶርቦን ዩኒቨርሲቲ አቡ ዳቢ ግቢ እዚሁ ደሴት ላይ ነው። የዚያን ግቢ ተማሪዎች ቁርስ ሠርታችሁ የምትሸኙ በመካከላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ዛሬ ጋዋኑን የለበሳችሁት እናንተ ናችሁ።

ስለ ሙያችሁ መምህሮቻችሁ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። እኔ የመጣሁት ኮርሱ ውስጥ ስላልነበረ ነገር ልናገር ነው፤ ከአገር ቤት ጋር ስለምናወራው ወሬ።

አቡ ዳቢና አዲስ አበባ በሰዓት የሚለያዩት በ1 ሰዓት ብቻ ነው። በቦቲም መተግበሪያ እንደዋወላለን፣ ፊት ለፊት እንተያያለን፣ ግን እንዋሻለን። እኛ “ሥራው ቀላል ነው፣ ደህና ነኝ” እንላለን። እነሱም “ሁላችንም ደህና ነን፣ አንቺ ብቻ አታስቢ” ይላሉ። ሁለቱም ወገን የሚዋሸው ስለሚወድ ነው፤ ልማዱ እንዲህ ሥር የሰደደውም ለዚሁ ነው።

እኔ ሰው ቤት እሠራ በነበረበት ዘመን አባቴ ሞተ። አልነገሩኝም። በስልክ አገናኙኝ ስል “ተኝቷል”፣ “ቤተ ክርስቲያን ሄዷል”፣ “ድምፁ ተዘግቷል” ይሉኛል። የመድኃኒት ብዬ የምልከውን ገንዘብ ይቀበላሉ። ለእረፍት ደሴ በገባሁ ማግስት፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። አርባው ካለፈ ቆይቷል፤ በመድኃኒቱ ገንዘብ ተዝካሩን አውጥተውበታል። አልተቀየምኳቸውም። ሰው አገር ብቻዋን ደንግጣ ትወድቅብናለች ብለው ነው። ነገር ግን ከተመለስኩ በኋላ “እናትሽ ደህና ናት” ሲሉኝ ማመን አቃተኝ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እናቴን፣ እህቴን፣ ወንድሜን በየተራ እቀብር ነበር።

በመጨረሻ “እማዬ፣ የታመመም የሞተም ካለ ከእንግዲህ በዕለቱ ንገሩኝ፤ እኔም የሆንኩትን እነግርሻለሁ” አልኳት። ብዙ ዝም አለች፤ ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ደግሞ ጠየቀችኝ፤ “አንቺስ እውነት ደህና ነሽ?” በረኪና እጄን እንዴት እንዳቆሰለው፣ ሌሊት እንቅልፍ እንደማይወስደኝ፣ ለእነሱ ልኬ ለራሴ ምንም እንደማይተርፈኝ ነገርኳት። ያን ዕለት ደመወዜ አልጨመረም፣ ሥራዬም አልቀለለም። ብቻ ስልክ ላይ ሌላ ሰው መሆን ቀረልኝ፤ ለእኔ ነፃነት ይህ ነበር።

ነፃነት ሲነሳ ሕጉንም መጥቀስ ይገባል። የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቶ በ2022 በአዲስ ተተክቷል። ፓስፖርት በሠራተኛዋ እጅ ይሁን፣ በሳምንት 1 ቀን ትረፍ ይላል። ይህ ያልተከበረላችሁ ካላችሁ ዝም አትበሉ። ነገር ግን ፓስፖርቷ በቦርሳዋ እያለ አገሯ መግባት ያቃታት እህት አውቃለሁ። የያዛት ከወንድሟ ጋር ሳትነጋገርበት የቀረችው ጉዳይ ነው። የላከችው ገንዘብ ቤት ይሠራበት ይበላ አታውቅም፤ መጠየቅ ወንድምን መጠርጠር ይመስላታል። እሱም ገንዘቡ ማለቁን ለመናገር አፍሯል። ኮንትራት ባደሰች ቁጥር ሁለቱም እፎይ ይላሉ።

ይህ ፍርሃት የእሷ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ቦሌ ከወረዱት መካከል ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ ብለው አዲስ አበባ የቀሩ ነበሩ። እስር ቤት ከርመው ወጥተው፣ የገዛ እናታቸውን ደጅ ፈሩ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያመኛል።

ስለዚህ መዝገብ አያያዝ የተማራችሁ፣ የመጀመሪያውን መዝገብ ለቤተሰባችሁ ክፈቱ። ደመወዜ ይህን ያህል ነው፤ ይህን እልካለሁ፤ ይህን በራሴ ስም ባንክ አስቀምጣለሁ በሉ። የገንዘቡን ወሬ ደመወዝ በተላከበት ዕለት አታንሱት፤ ያን ቀን የሁሉም ልብ ገንዘቡ ላይ ነው። ከከበዳችሁ አጎትን፣ የንስሐ አባትን ወይም ሼሁን መሐል አስገቡ፤ ሽማግሌ ማስገባት በእኛ ዘንድ ነውር ሆኖ አያውቅም። እውነቱን መናገር ማለት ግን የቆየ ቂምን በአንድ ሌሊት ማራገፍ አይደለም። ስትናገሩ ስሙም፤ ወንድማችሁም የሚነግራችሁ ይኖረዋል። “ዓረብ አገር ቀየራት” መባሉ አይቀርም። ስልክ ማንሳት የሚያቆምም ይኖራል፤ ይህን ከእናንተ አልደብቅም።

ዛሬ ማታ የጋዋን ፎቷችሁ አገር ቤት ይደርሳል፤ እልል ይባላል። ከዚያ “ታዲያ ደመወዝ ጨመሩልሽ?” ይመጣል። ካልጨመሩ አልጨመሩም በሉ። ጠቅልላችሁ መግባት አስባችሁ እንደሆነ እሱንም ንገሯቸው። ቀጥላችሁ እነሱን ጠይቁ፤ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ፣ የቤቱ ብሎኬት የት ደረሰ።