አኪዩመን፦ የወስፌ ጫፍ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማነሣው አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፦ «አኪዩመን»። በሥራ ማስታወቂያና በንግድ ሥልጠና ወረቀት ላይ «ቢዝነስ አኪዩመን ያላት» የሚል እናያለን። ብዙዎቻችን እዚያ ስንደርስ «ይሄ ለተማሩት ነው» ብለን ወረቀቱን አጥፈን እናስቀምጣለን። እስቲ ቃሉን ፈትተን እንየው።

ቃሉ ከላቲን ተነሥቶ በ16ኛው መቶ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ የገባ ነው። መነሻ ትርጉሙ ሹል ጫፍ ሲሆን፣ «መሳል» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። በላቲን የመርፌ ስምም የዚሁ ዘመድ ነው፤ «አኩፓንክቸር» የሚባለው የመርፌ ሕክምና ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። እኛስ «አእምሮዋ ስል ነው» እንል የለም?

እናቶቻችን መሶብ ሲሰፉ የሚይዙትን ወስፌ አስቡት። ሥራውን የሚሠራው ውፍረቱ ሳይሆን ጫፉ ነው፤ በስንደዶው መካከል ትክክለኛውን ቦታ አግኝቶ ይገባል። አኪዩመንም ብዙ መማር ማለት አይደለም። ከብዙ ነገር መካከል ዋናውን ለይቶ በጊዜው በትክክል መወሰን ነው። በርበሬ በአዝመራው ወቅት ገዝታ ያስቀመጠች፣ የእቁብ ዕጣዋ ለመስከረም የትምህርት ቤት ወጪ እንዲደርስላት አስቀድማ የተነጋገረች ሴት ይህ አላት።

ስለ አጠቃቀሙ ጥቂት ልበል። ቃሉ ስም ነው እንጂ ቅጽል አይደለም፤ «አኪዩመን ናት» ሳይሆን «አኪዩመን አላት» ይባላል። ብዙ ጊዜም መስኩ ከፊቱ ይጠቀሳል፦ የንግድ፣ የፖለቲካ፣ የገንዘብ እየተባለ። ከእህቱ «አኪዩቲ» ጋር አናምታታው፤ እሱ የዓይን ሐኪም የማየት ጥራታችንን ሲለካ የሚጠራው ነው።

ሌላም ዘመድ መሳይ ቃል አለ፦ «ሽሩድ»። ዛሬ ለብልህ ነጋዴ ምስጋና ነው፤ ጥንት ግን ክፉ ማለት ነበር። የወጣበት «ሽሩ» የሚለው ቃል ደግሞ ኋላ ላይ የጨቅጫቃ ሴት መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በእኛም ቋንቋ በብልህና በብልጥ መካከል ያለውን ልዩነት ታውቁታላችሁ። ወንዱ ተከራክሮ ዋጋ ሲያስቀንስ «ብልህ ነጋዴ» ይባላል፤ ሴቷ ያንኑ ስታደርግ «ብልጣብልጥ» ትባላለች። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረትማ ስንሰማው አደግን። ችግሩ ሌላው ሰው እንዲህ ማለቱ ብቻ አይደለም፤ እኛም አምነነው ዕውቀታችንን ዕውቀት ብለን አለመጥራታችን ነው።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ወረቀቱ አኪዩመን ሲጠይቃችሁ «አለኝ» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ የሠራችሁትን ጻፉ። ምን ገዛችሁ? መቼ ገዛችሁ? ለምን ያን ጊዜ መረጣችሁ? ምን ያህል አተረፋችሁ? ከከሰራችሁስ በኋላ ምን ለወጣችሁ? መጻፍ የሚከብዳት ካለች አጠገቧ ያለችው ትጻፍላት፤ ማኅበር የሆንነው ለዚህ ነው። ለገንዘብ ያዥነት ስንመርጥም «ማን ብዙ ተማረች?» ከማለታችን በፊት «የማን ሒሳብ ተሳስቶ አያውቅም?» ብለን እንጠይቅ።

ወስፌም ካልሠሩበት ይዝጋል።