ፒያኖ ሳይኖር ስለ ፒያኖ መማር
(ከቢቸናና ከሞጣ ለመጡ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



አብዛኞቻችን የቢቸናና የሞጣ ልጆች ፒያኖ በዓይናችን ያየነው እዚህ ከመጣን በኋላ ነው። ስለዚህ «ጃዝ የከተማ ልጅ ነገር ነው» እያልን ስንሸሽ ቆየን። ተሳስተን ነበር፤ አምባሰልን ከባቲ የሚለይ ጆሮ ይዘን ነው የመጣነው።

ፒያኖው ላይ ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለት፥ ሦስት ሦስት ሆነው ተደርድረዋል። ከሦስቱ የመጀመሪያውን ይዛችሁ በጥቁሮቹ ብቻ አምስት ድምፅ ወደ ቀኝ ብትሄዱ ትዝታ ሜጀር ይወጣል። ቀኝ እጃችን በዚሁ ይጀምር።

ጭንቁ ግራ እጅ ነው። የጃዝ ኮርድ ድምፅ በድምፅ ላይ ይደርባል፤ ከበዛ ቅኝቱን ይውጠዋል። በቦስተን በርክሊ የተማሩት ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በተባለው ሸክላቸው አምስቱን ድምፅ ከጃዝ ጋር ሳያጠፉ አዋሕደዋል። ደጋግመን እንስማው። ፈንክ የሚወድ ደግሞ የግራ እጁን ምት አጠር፥ ቆረጥ ያድርግ።

መሲንቆ በጣት ተንሸራቶ የሚያወጣውን ድምፅ ግን ፒያኖ አያወጣውም፤ ይህን አምነን እንቀበል።

እስከዚያው በካርቶን ላይ ቁልፎቹን ሥለን ጣታችንን እናለማምዳለን፤ ዜማውን በአፋችን እንላለን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአዳራሹ ፒያኖ ይከፈታል፤ ካርቶናችሁን ይዛችሁ ኑ።