ማርትሬዛና የኢንተርኔት አድራሻ



በቀድሞ ዘመን የመተማ ነጋዴ ማርትሬዛ ብር ሲቀበል ወዲያው ወደ ኮሮጆው አይከተውም ነበር። በንግሥቲቱ ራስና ትከሻ ላይ ያሉትን የዕንቍ ነጠብጣቦች ቈጥሮ፥ 1780 የሚለውን ቍጥር አይቶ ነው የሚያምነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 (ዓመቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እናገራለሁ) በፓሪስ ያስመቱት ብር በክብደትም በጥራትም ከማርትሬዛ የማያንስ ሆኖ ሳለ ሕዝቡ ቶሎ አልተቀበለውም፤ ዓይኑ አልለመደውም ነበርና።

ዛሬም በኢንተርኔት አድራሻ ጅራት ላይ የደረሰው ይኸው ነው። ጅራት የምለው ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ የሚጻፈውን ቃል ነው። የለመድነው «ኮም» ከ1985 ጀምሮ ያለ ነው፤ የአገራችን «ኢቲ» በ1995 ተመደበ። የስሞቹን መዝገብ የሚያስተባብረው አይካን የተባለው ድርጅት በ2012 ለአዲስ ጅራት በሩን ቢከፍት 1,930 ማመልከቻ ቀረበለት። ከዚያ በፊት የአገር መጠሪያ ያልሆኑት 22 ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ግን «ሾፕ»፥ «ኦንላይን»፥ «ቶፕ» እየተባለ ከሺህ በላይ ሆነዋል።

ሰው ይጠራጠራቸዋል፤ መጠራጠሩም ከንቱ አይደለም። አንዳንዶቹ ለመጀመሪያው ዓመት እጅግ በርካሽ ስለሚሸጡ አጭበርባሪ ገዝቶ ይሠራባቸዋል፤ ሲታገድበትም ጥሎ ሌላ ይገዛል። ነገር ግን በ«ኮም» የሚያታልለውም ጥቂት አይደለም። የጉግል እናት ኩባንያ አልፋቤት ራሱ በ2015 ሲቋቋም የያዘው አድራሻ «ኤቢሲ ነጥብ ኤክስዋይዚ» ነበር። ስለዚህ አዲስነት ብቻውን ጥፋት አይሆንም።

እንግዲህ በገንዳ ውኃ ወይም በቋራ ያለህ ሰሊጥ አምራች ወንድሜ ሆይ፥ ሂላህን አራግፈህ፥ ምርትህን ሸጠህ ገንዘብህን ስትጠባበቅ «ክፍያዎ ደርሷል፤ ለመቀበል ይህን ይንኩ» የሚል መልእክት መጣልህ እንበል። አድራሻው በባንክህ ስም ይጀምራል። ግንባሩን አትመን! ከመነሻው ጥንድ እዝባር አልፈህ እስከሚቀጥለው እዝባር ያለውን ብቻ ውሰድና፥ የጋላባት ነጋዴ ዐረብኛ ደብዳቤውን ከቀኝ እንደሚያነብ፥ አንተም ከቀኝ ጀምር። መጀመሪያ ጅራቱን፥ ቀጥሎ በስተግራው ያለውን ስም ተመልከት፤ ባለቤቱ እርሱ ነው። «ባንክ ነጥብ ኢቲ ነጥብ ሽልማት ነጥብ ቶፕ» ቢልህ ባለቤቱ «ሽልማት» የተባለው እንጂ ባንክህ አይደለም፤ የፊቶቹን ቃላት ማንም እንደ ጌጥ ሊደረድራቸው ይችላል። (የኢትዮጵያ ምርት ገበያን በመሰሉት አድራሻዎች ላይ ግን «ኮም ነጥብ ኢቲ» እንደ አንድ ጅራት ይቈጠራል።) የቍልፍ ሥዕል ማየትህም አያዘናጋህ፤ ቍልፉ መልእክቱ በመንገድ እንዳይነበብ መሸፈኑን እንጂ የባለቤቱን ሐቀኝነት አይመሰክርም።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ሱዳን በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ የራስዋ ጅራት አላት፤ የጋላባት ሰው የአገሩን ስም በገዛ ፊደሉ ያነባል። የእኛ ፊደል በ2017 በአይካን ደንብ ውስጥ ቢገባም እስካሁን የአገራችን ጅራት አልተጻፈበትም። አማርኛ አጥርቶ የሚያነበው ገበሬያችን የዕንቍን ነጠብጣብ መቍጠር የተከለከለ ነጋዴ ሆኖ ቀርቷል። እስከዚያው የላቲን ፊደል የሚያውቅ ልጁን ወይም ጎረቤቱን ጠርቶ የአድራሻውን ጅራት ያስነብብ፤ አንባቢ ካጣም ምንም ሳይነካ ስልኩን በኪሱ ከትቶ ወደ ባንኩ መስኮት ይሂድ።