የድጋፍ ሰጪ ሠራተኞች ፈተና፦ ምን እናጥና?

የዛሬው ዝግጅታችን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለጸሐፊ፣ ለመዝገብ ቤት፣ ለንብረት ክፍል፣ ለጥበቃ፣ ለጽዳትና ለመሳሰሉት መደቦች ስለሚሰጡት የቅጥር ፈተና ነው። በሶዶ፣ በአረካ፣ በቦዲቲ፣ በገሱባ ሆናችሁ ሥራ የምትጠብቁ ልጆቻችን፣ እስክሪብቶና ወረቀት ያዙና ተከታተሉኝ።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ የአስተዳደሩ መቀመጫ ሆናለች። ዛሬ በከተማችን የክልል፣ የዞንና የከተማ መሥሪያ ቤቶች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ዩኒቨርሲቲውና ሆስፒታሉም አሉ። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝም ከ1,100 ብር ወደ 4,760፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ማስታወቂያ ሲለጠፍ ሰሌዳው ሥር የሚሰበሰበው ሰው መብዛቱ አይገርምም።

ብዙዎቻችሁ ስትዘጋጁ የማየው የአገሮችን ዋና ከተማ በመሸምደድ ነው። ድካማችሁ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም የዚህ ዓይነቱ ፈተና በአብዛኛው የሚወጣው ከመደቡ የዕለት ሥራ ነው። የመጀመሪያው የጥናት መጽሐፋችሁ ራሱ ማስታወቂያው ነው። የመደቡን መጠሪያ፣ ደረጃውን፣ ተፈላጊ ችሎታውን በደብተራችሁ ገልብጡ። ከዚያም በዚያ መደብ ላይ የሚሠራ ሰው ፈልጋችሁ «ጠዋት ስትገቢ መጀመሪያ የምትይዢው ወረቀት ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከመልሷ ብዙ የፈተና ጥያቄ ይወጣል።

የንብረት ክፍልን እንውሰድ። ዕቃ ሲገባ የሚቆረጠው ሞዴል 19 ነው። ክፍሎች ዕቃ የሚጠይቁት በሞዴል 20፣ ዕቃው ወጪ የሚሆነው ደግሞ በሞዴል 22 ነው። እነዚህን ሦስቱን ማምታታት ብዙ ሰው ነጥብ ያስጥላል። እስቲ አንድ ጥያቄ አብረን እንሥራ። በመጋዘን 48 ደስጣ ወረቀት ነበር። 30 ደስጣ ተገዝቶ በሞዴል 19 ገባ። ለፋይናንስ 17፣ ለሰው ሀብት 12 ደስጣ በሞዴል 22 ወጣ። ካርዱ ላይ ስንት መቅረት አለበት? 48 እና 30 ሲደመር 78 ነው፤ የወጣው 29 ሲቀነስ 49 ይቀራል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ከባዱ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ ቆጠራ ስታደርጉ ያገኛችሁት 46 ቢሆንስ? ካርዱን ወደ 46 አስተካክላለሁ ያለ ሰው ወደቀ። ልዩነቱን በጽሑፍ ለኃላፊው አቀርባለሁ ያለው ሥራው ገብቶታል።

ለጸሐፊና ለመዝገብ ቤት መደብ የምትወዳደሩ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አጻጻፍ ጣታችሁ ላይ ይግባ። ቁጥርና ቀን፣ ተቀባይ፣ «ጉዳዩ» የሚለው መስመር፣ ሐተታው፣ «ከሰላምታ ጋር»፣ በመጨረሻም ግልባጭ። ገቢ ደብዳቤ መጀመሪያ መዝገብ ላይ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደሚመለከተው ክፍል የሚመራው። እዚህ ላይ የአካባቢያችንን ልጆች የሚገጥማቸው ችግር አለ፤ ሳልናገረው አላልፍም። ከቦሎሶ ቦምቤ ወይም ከኪንዶ ዲዳዬ የመጣች ልጅ የመጀመሪያ ደረጃን በወላይትኛ፣ በላቲን ፊደል ተምራለች፤ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ። አማርኛን የምታውቀው እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። ስለዚህ ሥራውን እያወቀች በጽሑፉ ልትቀደም ትችላለች። መፍትሔው ልምምድ ነው፦ በየቀኑ አንድ የአማርኛ ደብዳቤ በእጅ መገልበጥ፣ ከተቻለም የአማርኛ ኪቦርድ ባለው ኮምፒውተር መተየብ። ወላጆች፣ ለአንድ ሰዓት የኮምፒውተር ቤት ክፍያ አትንፈጓቸው።

የጽዳት መደብን የሚንቅ ሰው ፈተናው ላይ ይደነግጣል። በሆስፒታል ተላላፊ ያልሆነ ቆሻሻ ጥቁር፣ ተላላፊው ቢጫ ባልዲ ውስጥ ይገባል። መርፌና ስለት በሴፍቲ ቦክስ ብቻ ይወገዳል። በረኪናን ከአሲድ የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዛም ጋዝ ያወጣል፤ ይህን አለማወቅ ሕይወት ያስከፍላል። የጥበቃ ተወዳዳሪ ደግሞ የገቢና ወጪ መዝገብ አያያዝን፣ የእሳት ማጥፊያ አጠቃቀምንና ዕቃ ይዞ የሚወጣ ሰው የመውጫ ፈቃድ ሲጎድለው ምን እንደሚደረግ ያጥና።

ስለ ሕጉ ባጭሩ ላንሳ። የፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ቅጥር በውድድር እንዲሆን፣ በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት ወይም በአካል ጉዳት አድልዎ እንዳይደረግ ደንግጎ ነበር። ክልሎችና ፌዴራሉ ሕጋቸውን በየጊዜው ስለሚያሻሽሉ፣ አሁን የሚሠራበትን መመሪያ ከፐብሊክ ሰርቪስ ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ደግሞም ፈተና በቅጥር አያበቃም። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በ2016 ዓ.ም. ሥራ ላይ ያሉ አመራሮቹንና ሠራተኞቹን ፈትኖ ከግማሽ የሚበልጡት ማለፊያ ነጥብ አላመጡም። ዛሬ የምታጠኑት ነገም ያገለግላችኋል።

በፈተናው ቀን መታወቂያና የመመዝገቢያ ወረቀታችሁን ያዙ። ከሩቅ ወረዳ የምትመጡ፣ ከተቻለ በዋዜማው ሶዶ ግቡ።

አንድ አደራ አለኝ። «በሰው እንጂ በፈተና አይገባም» እያለ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ደላላ ይመጣል። እናት ላም ሸጣ፣ አባት ተበድሮ እንዲከፍሉ የሚያደርገው እሱ ነው። አንድ ብር እንዳትሰጡ። ለፖሊስ ወይም ለሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ክፍል አመልክቱ፤ ውጤታችሁ ቅር ካሰኛችሁም ቅሬታችሁን በጽሑፍ፣ በተሰጠው ጊዜ ገደብ ውስጥ አቅርቡ።