መንገድ ያልነበረው መስመር፦ የኔርን ትራንስፖርት ኩባንያ ከደማስቆ እስከ ባግዳድ

የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ አነስተኛ የአውቶቡስ ኩባንያ ነው። የትራንስፖርት ታሪክ ሲነሣ ባቡርና አየር መንገድ ይቀድማሉ፤ ሁለቱም ቤተ መዛግብት፣ ሐውልትና ባለሥልጣን አላቸውና። የአውቶቡስ ድርጅት ግን ጋራዡ ሲዘጋ መዝገቡም አብሮ ይበተናል። የመረጥሁት ኩባንያ የሶርያን በረሃ እያቋረጠ ደማስቆንና ባግዳድን ለ35 ዓመታት ያህል ያገናኘው ኔርን ትራንስፖርት ነው። ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጀብዱ ይተረካል። ኖርማንና ጄራልድ ኔርን የተባሉ ወንድማማቾች ከኒው ዚላንድ መጥተው በአንደኛው የዓለም ጦርነት በብሪታንያ ጦር ሥር በፍልስጤም ግንባር አገለገሉ። ከጦርነቱ በኋላ ቤይሩት ላይ መኪና ለመሸጥ ሞከሩ፤ ገበያው አልሰምር ሲላቸው መኪኖቹን ወደ ሥራ አሰማርተው ከቤይሩት ሐይፋ ሰው ማመላለስ ጀመሩ። ከዚያም በረሃውን «ድል አደረጉ» ይባላል። አተራረኩ ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን በረሃው እስከ 1923 ድረስ ሰው አልባና መተላለፊያ የሌለው ነበር የሚል ግምት ተሸክሟል፤ ይህ ግምት ስሕተት ነው። ከዚህም በላይ ኩባንያው ለምን እንደቆመና ለምን እንደጠፋ እንዳናይ ይጋርደናል። የእኔ ክርክር ኔርንን ያቋቋመው መንገድ አለመኖሩ ነው፤ መንገድ በተሠራ ጊዜ ደግሞ የኩባንያው ህልውና ምክንያት አጣ የሚል ነው።

በመጀመሪያ ስለ መሬቱ። በረሃ ሲባል ብዙዎቻችን የአሸዋ ክምር እናስባለን። በደማስቆና በባግዳድ መካከል ያለው 880 ኪሎ ሜትር ያህል ምድር ግን በአብዛኛው ጠጠርና የደረቀ ጭቃ ነው። ዝናብ ካልጣለ መኪና ከሞላ ጎደል እንደ ልቡ ይሮጥበታል፤ ዝናብ ከጣለ እስከ ጎማው አጋማሽ ይውጠዋል። ከመንገዱ እኩሌታ ግድም የሩትባ የውኃ ጉድጓዶች ይገኛሉ። የግመል ቅፍለት ይህን ርቀት ለመጨረስ ሳምንታት ይወስድበት ነበር።

ቅፍለቱን የሚያውቁት ሰዎች ነበሩ፤ የኔርን ታሪክም ያለ እነርሱ አይጀምርም። መሐመድ ኢብን በሳም የደማስቆ ነጋዴ ነበር፤ በበረሃው ግመልና ወርቅ ያዘዋውር ነበር። መስመሩ በመኪና ሊታለፍ እንደሚችል ለወንድማማቾቹ ካመለከቱት ሰዎች አንዱ እርሱ ነው፤ በደማስቆ የብሪታንያ ቆንስልም ሐሳቡን ደገፈ። በ1923 የጸደይ ወራት የሙከራ ጉዞ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር መደበኛው አገልግሎት ተጀመረ። ኢብን በሳም ከጎሳ አለቆች ጋር ባለው ትውውቅ ለመኪኖቹ ጥበቃ ይደራደር ነበር፤ ለዚህም በወርቅ ይከፈል ነበር።

እዚህ ላይ የአውሮፓ ጸሐፊዎች ክፍያውን «ጉቦ» ብለው ሲያልፉት አያለሁ። የእኛን አገር የሲራራ ንግድ ያጠና ሰው ግን ለዚህ ተግባር የተሻለ ቃል አለው፦ ኬላ። ነጋዴው በባላባቱ ግዛት ሲያልፍ ይከፍላል፤ ባላባቱም በተራው በግዛቱ ውስጥ ለሚደርሰው ዘረፋ ይጠየቃል። ኢብን በሳምም ከሁለቱ ወገን መካከል የቆመ፣ ለነጋድራስ የቀረበ ሰው ነበር። ሁለቱ ሥርዓቶች አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ነጋድራስ ከመንግሥት ሹመት ነበረው፣ ኢብን በሳም አልነበረውም። ነገር ግን ክፍያውን የቆየ የንግድ ሕግ አድርገን ስናየው፣ ኩባንያው ባዶ ምድር ላይ እንዳልተከለ፣ በነበረ ሥርዓት ላይ ሞተር እንደጨመረ እንረዳለን።

ገንዘቡ ከወዴት መጣ? ከተሳፋሪ ብቻ አይደለም። ዋናው ምሰሶ የፖስታ ውሉ ነበር። ከለንደን ወደ ባግዳድ የሚላክ ደብዳቤ ቀድሞ በስዊዝ ቦይ፣ በቦምቤይና በባስራ ዞሮ ሳምንታት ይፈጅ ነበር፤ በኔርን በኩል ወደ 10 ቀን ገደማ ወረደ። ብሪታንያ ኢራቅን፣ ፈረንሳይ ደግሞ ሶርያንና ሊባኖስን በሞግዚትነት በያዙበት ዘመን፣ የሁለቱንም ፈቃድ ሳያገኝ የሚያልፍ መኪና አልነበረም። ስለዚህ ኩባንያው አንድ እግሩ በፈረንሳይ፣ ሌላው በብሪታንያ ግዛት ላይ ቆሞ ይኖር ነበር።

ይህ አቋቋም ምን ያህል እንደሚያሰጋ በ1925 ታየ። በሶርያ በፈረንሳይ ላይ ታላቅ ዐመፅ ተነሣ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ፈረንሳዮች ደማስቆን በመድፍ ደበደቡ። የኩባንያው መኪኖች ተጠቁ፣ ተዘረፉም። መስመሩ ለጊዜው በኢየሩሳሌምና በአማን በኩል ዞረ፤ በዚያ በኩል ያለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ግን ጎማ ይበላ ነበር። በ1926 ኔርን ከአንድ ተፎካካሪው ጋር ተዋሐደ። ከ1927 መጀመሪያ ጀምሮ ኢምፔሪያል ኤርዌይስ በካይሮ፣ በባግዳድና በባስራ መካከል መብረር ስለጀመረ አስቸኳዩ ፖስታ ሁሉ በምድር የሚሄድበት ዘመን አበቃ።

አሁን ወደ ተሽከርካሪዎቹ ልምጣ፤ ይህን ክፍል ስወደው እንደምረዝም ተማሪዎቼ ያውቃሉ። ጅማሬው በቢዊክና በካዲላክ ነበር፦ ተጨማሪ የውኃና የቤንዚን መያዣ የተጫነባቸው፣ በቡድን ተከታትለው የሚሄዱ የቤት መኪኖች። ከዚያ ባለ ስድስት ጎማ አውቶቡሶች መጡ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ማርሞን ሄሪንግተን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በጎታች የሚሳብ ግዙፍ የተሳፋሪ ተጎታች ሠራላቸው። በ1937 ደግሞ ከፊላዴልፊያው በድ ፋብሪካ ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ተጎታቾች አስመጡ። በድ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ዘፊር የተባለውን ታዋቂ የአሜሪካ ባቡር የሠራ ድርጅት ነው፤ ያንኑ ጥበብ ለበረሃ አዋለው። አቧራ እንዳያስገቡ የታሸጉ፣ አየር ማቀዝቀዣ የተገጠመላቸው፣ መጸዳጃ ያላቸው ነበሩ፤ ጉዞውም ከአንድ ቀን በታች ሆነ።

ለምን ይህን ያህል ግዙፍ ተሽከርካሪ? መልሱ ቀላል ነው። በከተማና በተራራ የአውቶቡስን ወርድና ርዝመት የሚወስነው መንገዱ ነው፤ ድልድዩ፣ ኩርባው፣ ከፊት የሚመጣው መኪና። በሶርያ በረሃ እነዚህ ሁሉ የሉም። ማዞሪያው ሰፊ ነው፤ ከፊት የሚመጣ ካለም በአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ዞሮ ያልፋል። ለዚያ ምድር ብቻ የሚሆን ዕቃ ነበር፤ ሌላ ቦታ ወስደህ ልታሠራው ብትል ይቸግርሃል። ከምጣኔ ሀብት አንጻር ትልቁ አደጋ እዚሁ ላይ ነው።

የተሳፋሪዎች ማስታወሻ አልጠፋም። አጋታ ክሪስቲ በ1928 ብቻዋን ወደ ባግዳድ ስትጓዝ የተሳፈረችው በኔርን ነበር፤ በሕይወት ታሪኳም ጽፋዋለች። በሩትባ የነበረው፣ ፖሊስና ማረፊያ ያለው ምሽግ በብዙ ተጓዦች ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። እነዚህን ምንጮች ስታነቡ የምመክራችሁ አንድ ነገር አለ። ጸሐፊዎቹ የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ናቸው፤ ቁርሱን፣ የፀሐይዋን አወጣጥ፣ የወንበሩን መንገጫገጭ ይነግሩናል። ውኃ የቀዳው፣ ጎማ የለወጠው፣ በሌሊት በኮከብና በጎማ ፋና መስመር የያዘው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ስም የለውም። ስለዚህ ከእነዚህ ማስታወሻዎች የኩባንያውን የጉልበት ታሪክ ልጻፍ የሚል ተማሪ ጽሑፉን ሲያነብ ስለ ምሳው ሳይሆን ምሳውን ስላቀረበው መጠየቅ ይኖርበታል።

ወደ ፍጻሜው እንሂድ። በ1930ዎቹ አጋማሽ ከኪርኩክ ወደ ሜዲትራንያን የተዘረጋው የነዳጅ ቧንቧ በረሃውን በጣቢያዎችና በጎማ ፋና ሞላው። በ1940 የባግዳድ ባቡር መስመር ከቱርክና ከሶርያ ጋር ተጋጠመ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመጀመሪያ ዓመታት ብሪታንያ ከሐይፋ ባግዳድ የሚደርስ አስፋልት አነጠፈች። አስፋልት በመጣ ጊዜ ማናቸውም የደማስቆ ወይም የባግዳድ ባለ ታክሲ አምስት ሰው ጭኖ፣ በርካሽ፣ በፈለገው ሰዓት መነሣት ቻለ። የኔርን ጥበብ፣ ማለትም መንገድ በሌለበት መንገድ ማግኘት፣ ዋጋ አጣ። ባለጸጋው መንገደኛ ወደ አውሮፕላን፣ ድኻው ወደ ታክሲ ሄደ፤ መካከሉ ሳሳ።

ፖለቲካው ቀሪውን ጨረሰ። ከ1948 በኋላ የሐይፋ በር ተዘጋ። ሞግዚቶቹ መንግሥታት ከሄዱ ወዲህ ሶርያና ኢራቅ የየራሳቸውን የጉምሩክና የይለፍ ሕግ አጸኑ፤ ለአንድ የውጭ ኩባንያ ልዩ ቦታ የሚሰጡበት ምክንያት አልነበራቸውም፤ ሊኖራቸውም አይገባም ነበር እላለሁ። በሐምሌ 1958 የኢራቅ ንጉሣዊ አገዛዝ በወታደሮች ተገለበጠ። ኔርንም ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ፣ ሥራውን አቆመ። ታክሲዎቹ ግን በደማስቆና በባግዳድ መካከል መመላለሳቸውን ቀጠሉ።

ጥያቄ ያላችሁ ካላችሁ፣ በተለይም ስለ ኬላው ጉዳይ የምትከራከሩኝ ካላችሁ፣ ጊዜ አለን።