የጎግ አሸዋ ከየት መጣ?



ጊሎ ከምዕራቡ ደጋ ወርዶ ከጎግ ሜዳ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክማል፤ የተሸከመውንም ደለል ያራግፋል። የደጋው ሥሪት ሁለት ነው፤ ከሥር ጥንታዊው ግራናይትና ናይስ፣ ከላይ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከ45 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መፍሰስ የጀመረው ባዛልት።

ደጋው ሲነሣ ወንዞች አስቀድመው የሚልጡት የላዩን ባዛልት ነው፤ የሥሩን አለት የሚያገኙት ዘግይተው ነው። ስለዚህ ደለሉ በሜዳው ሥር የተራራው ግልባጭ ሆኖ ይነጠፋል። ከባዛልቱ በፊት የተጣለ ንብርብር ካለ ግን ከሁሉም በታች ኳርትዝ ይበዛል።

ዲኪንሰንና ሱቼክ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1979 የአሸዋ ድንጋይን ቅንጣት ቆጥሮ ምንጩን መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል። በእርጥቡ የጋምቤላ ሙቀት ግን ፌልድስፓር ወደ ሸክላነት ስለሚለወጥ ቆጠራው ብቻውን ያሳስታል። የማይበገረው ዚርኮንም ቢሆን የሚመሰክረው ይበልጡን ለግራናይቱና ለናይሱ ነው፤ ባዛልት ዚርኮን እምብዛም የለውምና። ሁለቱን ማስተያየት ግድ ነው።

ነገሩ የቤተ ሙከራ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የኳርትዝ አሸዋ ውሃ ያሳልፋል፤ የባዛልት ፍርፋሪ ግን ሸክላ ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍናል። በጎግ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር ከየጥልቀቱ የሚወጣው ፍርፋሪ በከረጢት ተለይቶ፣ ጥልቀቱ ተጽፎበት መቀመጥ ይገባዋል።